ዴጋ በሰም

ዋሽንግተን። ከሲልቨር ስፕሪንግ ይዛኝ የመጣችው የአክስቴ ልጅ በናሽናል ጋለሪ ላይኛው ፎቅ ያሉትን ሥዕሎች ልታሳየኝ ነበር ሐሳቧ። እኔ የመጣሁት ግን ለኤድጋር ዴጋ የሰም ቅርጾች ስለሆነ በምዕራቡ ሕንፃ ምድር ቤት ቀረን።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ቀኝ ዓይኑ እንደታመመ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1870 ከፕረሻ ጋር ጦርነት በተገባ ጊዜ፣ ጠመንጃ ሲያነጣጥር ነው። ከዚያ ወዲህ የዓይኑ ብርሃን ከዓመት ዓመት ደከመ። ከዘይት ቀለም ይልቅ ፓስቴል፣ ከፓስቴልም ይልቅ ሰም ይቀናው ጀመር። ለሥዕል ነጋዴው ለቮላር፣ ከእንግዲህ የዕውር ሙያ መልመድ አለብኝ ብሎት ነበር ይባላል።

ጎብኚው ሁሉ የሚከበው የአሥራ አራት ዓመቷን የባሌ ዳንሰኛ ነው። ቁመቷ አንድ ሜትር አይሞላም። ጸጉሯ እውነተኛ ጸጉር፣ ቀሚሷም እውነተኛ ጨርቅ ነው። በ1881 ለእይታ ስትቀርብ ተቺዎች ፊቷን ከዝንጀሮ አመሳሰሉት፤ ዴጋም ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ አንድም ቅርጽ ለሕዝብ አላሳየም። በራጅ ስትታይ ክንዷ ውስጥ የቀለም ብሩሽ እጀታ ተገኝቷል።

«ውይ፣ ብረት አጥቶ ነው?» አለች የአክስቴ ልጅ።

አይመስለኝም፤ እጁ የገባውን ነዋ የሚያነሳው! ቡሽም ይከት ነበር።

ዓይኑ ስለጠፋ ቀራፂ ሆነ የሚባለው ግን ግማሽ እውነት ነው። ይህችን ልጅ ሲሠራ ገና ያይ ነበር። እኔን የያዙኝ በዙሪያዋ ያሉት ትንንሾቹ ናቸው፦ ፈረሶች፣ ዳንሰኞች፣ ገላቸውን የሚታጠቡ ሴቶች። የአንዷን ጀርባ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጭቃ ቤት ሲመረግ እንደሚቀረው አሻራ፣ አውራ ጣቱ የተጫነበት ሁሉ ሳይለሰልስ ቀርቷል። ፊቷ ገና ያልወጣ ጉብታ ነው፤ የወገቧ መታጠፍ ግን አይሳሳትም። ከታወቀችው ልጅ ይልቅ ይህችን እመርጣለሁ። በጣት የተሠራውን በጣት ማየት ክልክል መሆኑ ግን ያናድዳል።

በ1917 ሲሞት ከሥራ ክፍሉ 150 ያህል ቅርጾች ተገኙ፤ ብዙዎቹ ፈራርሰው ነበር። በየአገሩ ሙዚየም የምናያቸው የነሐስ ቅጂዎች ከሞቱ በኋላ ወራሾቹ ያስወጧቸው ናቸው። ራሱ የዳሰሰው ሰም በብዛት ያለው እዚህ ነው።

ዲሲ ያላችሁ ወገኖች፣ መግቢያው በነፃ ነው፤ አርካይቭስ ጣቢያ ከባቡር ወርዳችሁ ትንሽ ብትራመዱ ትደርሳላችሁ። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣባችሁ፣ ከዋይት ሐውስ ፎቶ በኋላ እዚህም ብቅ በሉ።