ትንሿ ሞተር ለምን አታረጅም?

ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ከቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል ወደ ኤድና ሞል ሲያቀኑ ዓይንዎን ከፎቆቹ አንስተው ወደ መንገዱ ጠርዝ መለስ ያድርጉ። በምግብ ቤቶቹ ደጃፍ የቆሙ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎችን ያያሉ። ከኋላቸው ሰፋ ያለ ሳጥን ታስሯል። ነጂዎቹ ሄልሜታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ስልካቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ ትናንት ማታ ፒዛ ይዞ በርዎን ያንኳኳው ልጅ ሊሆን ይችላል።

ቦሌ የቅንጡ መኪና ሰፈር ነው። ነገር ግን ከአትላስ እስከ ገርጂ መንገዱ ሲጨናነቅ፣ ሚሊዮን ብሮች የወጡበት መኪና ቆሞ ጥሩንባ ሲነፋ፣ ምሳዎን ወይም አስቸኳይ ሰነድዎን ይዛ ሾልካ የምታልፈው ያቺ ትንሽ ሞተር ናት። እንደ ዴሊቨር አዲስና ቢዩ ያሉ አገልግሎቶች ከመጡ ወዲህማ የሰፈሩ የዕለት ኑሮ አካል ሆናለች። የስልክና የመኪና ሞዴል በየዓመቱ በሚቀያየርበት ዘመን ይህች ቀላል ማሽን እንዴት ብዙም ሳትለወጥ ዘለቀች?

በአንድ እጅ እንድትነዳ

መልሱን ፍለጋ ለአፍታ ወደ ጃፓን እንሻገር። ሆንዳ ሱፐር ካብ የተባለችውን ሞተር ሳይክል ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ጉልበቷ 50 ሲሲ እንኳ አይሞላም ነበር። የኩባንያው መሥራች ሶይቺሮ ሆንዳና አጋሩ ታኬኦ ፉጂሳዋ ካሰቧቸው ደንበኞች አንዱ፣ በአንድ እጁ የሶባ ምግብ ተሸክሞ በሌላው መሪ የሚይዝ የምግብ ቤት ተላላኪ ነበር። ስለዚህ በእጅ የሚጨበጠው ፍሪሲዮን ቀረ፤ ማርሽ በእግር ብቻ የሚቀየር ሆነ። ቀሚስ የለበሰች ሴትም ሳትቸገር እንድትቀመጥ መካከሏ ዝቅ አለ፤ ጭቃ እንዳይረጭ ፊቷ በፕላስቲክ ተጋረደ። እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቱት ብዛት 100 ሚሊዮን ደረሰ። በዓለም ታሪክ ይህን ያህል የተመረተ ባለሞተር ተሽከርካሪ የለም። በኤድና ሞል ደጃፍ የቆመው ልጅ ዛሬም የሚሠራው ያንኑ የሶባ ተላላኪ ሥራ ነው።

በእኛ ጎዳናዎች ቦክሰርና ቲቪኤስን የመሳሰሉ የህንድ ሥሪቶች በብዛት ይታያሉ። የቦክሰር አምራች እንግዳ አይደለም፤ ባለሦስት እግሯን ታክሲ ስሙን ያወረሳት ባጃጅ ነው። ኩባንያው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጣሊያኑ ፒያጆ በተገኘ ፈቃድ ቬስፓ ይሠራ ነበር።

ካቻቢቴና ጥቂት ቁልፍ

ከመድኃኔዓለም ወደ ገርጂ ሲዘልቁ ከዋናው መንገድ ገባ ይበሉ። ከጎሚስታው አጠገብ አንድ ወጣት መሬት ላይ ተቀምጦ ሞተር ሲፈታ ያገኙ ይሆናል። ቋንቋው ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካላማዳሪ፣ ካቻቢቴ ይላል። በፊቱ ያለው ማሽን የሚደብቀው ነገር የለም። ሲሊንደሩ አንድ ነው። ራዲያተር የለውም፤ በላዩ ላይ የተደረደሩትን የብረት ክንፎች ንፋስ ያቀዘቅዛቸዋል። ካንዴላ ሲቆሽሽ ተፈትቶ ይጠረጋል፤ ካርቡሬተር ሲደፈን በቤንዚን ይታጠባል።

ትንሿ ሞተር አትበላሽም ማለት አይደለም። ዕድሜዋን ያረዘመው ስትበላሽ የሚጠግናት ሰው በየሰፈሩ መኖሩ ነው። ለነጂው ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ሞተሩ ሁለት ቀን ጋራዥ ከዋለች የሁለት ቀን ገቢው ቀረ ማለት ነው።

ፍርሃቱም አለ

ብዙ እናቶች ግን የሞተር ድምፅ ሲሰሙ ቦርሳቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ። ምክንያት አላቸው። በሞተር የሚፈጸም ንጥቂያ በመብዛቱ የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በአዲስ አበባ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ አግዶ ነበር። ፖስታ ቤትን፣ ኤምባሲዎችንና ፈቃድ ያላቸውን ሥራዎች ለመሳሰሉት ግን በር ተተወ። ሕጋዊው ሠራተኛ ዛሬም ያንን ጥርጣሬ ተሸክሞ ነው በርዎን የሚያንኳኳው።

ሌላው ፍርሃት የራሱ የነጂው ነው። መኪና በአደጋ ጊዜ ብረቱ ይከላከልልናል፤ በሞተር ላይ ግን መከላከያው የሰውየው ገላ ነው። በተለይ በክረምት አስፋልቱ ሲረጥብ "ቶሎ ና!" ብሎ መደወል ቀላል ነገር አይደለም።

ድምፅ የሌላት ታናሽ እህት

አሁን ደግሞ ጎዳናው እየተለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። በሁለት ጎማም የኤሌክትሪኮቹ ቁጥር እየጨመረ ነው። ጃፓን ውስጥ እንኳ 50 ሲሲዋ ሱፐር ካብ በጭስ ደንብ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2025 ምርቷ ቆሟል።

አዲሷ እህት ከታላቋም ይበልጥ ቀላል ናት፤ ካንዴላም፣ ካርቡሬተርም፣ የሞተር ዘይትም አያሻትም። ልጅዎ እንቅልፍ ላይ እያለ በመስኮትዎ ሥር ብታልፍ አይቀሰቅስም። ጥያቄው ባትሪዋና መቆጣጠሪያዋ ላይ ነው፤ የታሸጉ ስለሆኑ የገርጂው ወጣት በካቻቢቴ አይከፍታቸውም። ትንሿ ሞተር ለዘመናት የኖረችበትን የመጠገን ባሕርይ አዲሷ ካልወረሰች ብልሽቷን የሚከፍለው ነጂው ነው።

ስለዚህ ለቤተሰብዎ፣ ለሱቅዎ ወይም ሥራ ለሚጀምር ወንድምዎ ሞተር ለመግዛት ካሰቡ ስለ ፍጥነቷ ከመጠየቅዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። መለዋወጫዋ የት ይገኛል? በሰፈራችን ማን ይጠግናታል? ኤሌክትሪክ ከሆነችም ባትሪዋ ሲደክም መተኪያው ስንት ያወጣል? ከዋጋዋ ላይም የጥሩ ሄልሜት ሒሳብ ይደምሩ።

ምግብ ሲያዙ ደግሞ አሥር ደቂቃ ቀደም ብለው ይዘዙ። ዝናብ ከሆነ "ቀስ ብለህ ና" ይበሉት። ፒዛው ቢቀዘቅዝ ይሞቃል።