ጥገኝነት የጠየቀው ካራታከስ

በመምህራን ማሠልጠኛ የሮማን ታሪክ ስናስተምር ተማሪዎቻችን የሚወዱት ዝሆኖቹን ነበር። ንጉሠ ነገሥት ክላውዲዮስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ43 ብሪታንያን ለመያዝ ሲዘምት ዝሆን ጭምር አስከትሎ ነበር ይባላልና። እርሱ በደሴቲቱ የቆየው 16 ቀን ብቻ ነው፤ የተዋጉት የጦር አዛዡ አውሉስ ፕላውቲዮስና ሠራዊቱ ናቸው። ድሉ በማን ስም እንደተከበረ አንባቢ አያጣውም።

ዛሬ በመጠለያው ስናወጋ ግን ዝሆኑን ትተን ስለ ካራታከስ እንጠያየቃለን። ወንድሙ ቶጎዱምኖስ ሞተ፤ ካሙሎዱኑም ከተማቸው ተያዘች። እርሱ ዛሬ ዌልስ ወደሚባለው ተራራማ አገር አፈግፍጎ ዓመታት ተዋጋ። በመጨረሻ ድል ተመታ፤ ሚስቱና ሴት ልጁ ተማረኩ። በ51 ወደ ሰሜን፣ ወደ ብሪጋንቶች ንግሥት ወደ ካርቲማንዱዋ ሸሽቶ ጥገኝነት ጠየቀ። እርሷም አስራ ለሮማውያን ሰጠችው።

እዚህ ላይ ተከፈልን። ግማሾቻችን «እንግዳ አሳልፋ የሰጠች!» አልን። ሌሎቻችን «ሮማውያን ደጇ ቆመው ሕዝቧን ታስፈጅ?» አልን። ክላውዲዮስ ካራታከስን ከነቤተሰቡ ምሮታል፤ ይህን የጻፈልን ታኪቶስም ሮማዊ ነው። ንግሥቲቱ ምን እንዳለች የጻፈላት ወገን የለም። ክርክሩ ውኃ ልንቀዳ የሄዱት ጓደኞቻችን ሲመለሱ ይቀጥላል።