ለእህታችን የመረጥነው ጸጉር



ይህን የምንጽፈው ታናሽ እህታችን ስለፈቀደችልን ነው። «ስሜን ብቻ አትጥሩ እንጂ የሆነውን ሁሉ ጻፉት፤ እንደ እኔ የሆነች ልጅ ታነበው ይሆናል» ብላናለች። እኛ እህቶቿም ቃሏን ጠብቀን እናወጋችኋለን።

የእህታችን ጸጉር መርገፍ የጀመረው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ከማጅራቷ ከፍ ብሎ ሳንቲም የሚያህል ክብ ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ። አያሳክክም፤ አይቆስልም፤ ቆዳው ለስላሳ ነው። እናታችን «ላሽ ነው» ብላ ነጭ ሽንኩርት አሸችላት። ጎረቤት «ዓይን ነው» አለ፤ ሩቅያም ተቀራላት። ዓመት ሳይሞላ ግን ከጸጉሯ የቀረው ከግማሽ በታች ነበር። የቆዳ ሐኪሙ እንደነገረን ሕመሙ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ ራሱን የጸጉር ሥር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጸጉሩ ተመልሶ ሊበቅል ይችላል፤ መቼ እንደሆነ ግን ማንም ቃል ሊገባ አይችልም።

«ሒጃብ ለባሽ አይደለችም እንዴ? ማን ያይባታል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እንዲህ የሚል ሰው የሴቶችን ጓዳ አያውቅም። ሴት ልጅ ከሴቶች ጋር ስትሆን ሻሿን ታወልቃለች፤ ትሠራለች፤ ትታያለች። እህታችን ግን ሠርግ ቤት መሄድ ተወች፤ በገዛ ቤቷም ሻሿን አጥብቃ አስራ መተኛት ጀመረች። ያኔ ነው ሽማግሌ የመጣው።

ልጁን እናውቀዋለን፤ ደህና ልጅ ነው። እናታችን በደስታ ብዛት እንቅልፍ አጥታ ሳለ አንድ ሌሊት ጠርታ መከረችን። «ዊግ የሚሉትን ገዝተን እናልብሳት። የሒናው ቀን ሴቱ አያይባትም፤ እሱም ቢሆን ካገባት በኋላ አላህ ያለው ይሆናል» አለችን። እናት ናትና አልፈረድንባትም። እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን ሐሳቡን የወደደችም ነበረች።

ነገር ግን በመድረሳ የቀራነው አንድ ሐዲሥ አላስተኛንም። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። አንዲት እናት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ፣ ሙሽራ የሆነች ልጇ በሕመም ምክንያት ጸጉሯ እንደረገፈ ነግራ፣ ሌላ ጸጉር ልትቀጥልላት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። መልሱ የምትቀጥለውም የሚቀጠልላትም የተረገሙ መሆናቸውን የሚገልጽ ነበር። ልጆች ሳለን ይህን ሐዲሥ በቃላችን ይዘን፣ ሙዓሊማችን ፊት ሳንሳሳት አሰምተን ነበር። ስለዚያች ልጅ ግን አንድ ቀን እንኳ አስበን አናውቅም። ሙሽራ ነበረች፤ ታማለች፤ እናቷ ተጨንቃለች። አሁን ያ ሁሉ እኛ ቤት ገባ።

ደሴ ወደሚገኙ አንድ የሻፊዒይ መዝሀብ ኪታብ የሚያቀሩ ሸኽ ዘንድ ሄድን። ሸኹ ታሪካችንን እስከ መጨረሻው ሰሙና የኢማም ነወዊን የሙስሊም ማብራሪያ አወረዱ። የሰው ጸጉር መቀጠል በመዝሀባቸው ያለ ልዩነት ሐራም ነው። ምክንያቱ የሰው ልጅ ክብር ነው፤ የሰው አካል ዕቃ አይሆንም። ከሰው ሌላ የሆነ ንጹሕ ጸጉር ግን ባል ለሌላት ሴት አይፈቀድም፤ ባል ላላት በባሏ ፈቃድ ከሆነ ይበልጥ ትክክለኛ በተባለው አስተያየት ይፈቀዳል። ሰዒድ ኢብኑ ጁበይር ከሐር ወይም ከሱፍ ክር በተሠራ መቀጠያ ችግር እንደሌለ ማለታቸውን፣ ኢማም ማሊክ ግን ሱፉንም ጨርቁንም መከልከላቸውን ጨምረው ነገሩን። ከዚያም ኪታቡን አጥፈው «ልጆቼ፣ ባል ይፍቀድ ሲባል ባል ይወቅ ማለት ነው» አሉን።

ሌላ ኡስታዝም ጠይቀን ነበር። እሳቸው «ሐዲሡ ግልጽ ነው፤ ተዉት» ብለውናል። ይህን አስተያየት ይዛ የምትታገሥ እህት ብትኖር እናከብራታለን። የእኛ እህት የሸኹን ይዛለች።

እንግዲህ ለልጁ መናገር ግድ ሆነ። ወንድማችን ባለበት ራሷ ነገረችው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆየና ለማሰብ ጊዜ ጠየቀ። በሦስተኛው ቀን «ለልጆች ይተላለፋል ወይ? ሐኪሙን ላነጋግር» ብሎ ላከ። እናታችን ተቆጣች፤ እኛ ግን መጠየቁ መብቱ ነው አልን። ሐኪሙም በቤተሰብ ውስጥ ሊደጋገም እንደሚችል፣ ግን የግድ ይወረሳል ማለት እንዳልሆነ ነገረው። ስምንት ቀን ቆየ። የስምንቱን ቀን ነገር ባናወራ ይሻላል። በዘጠነኛው ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡና «ቀን ቁረጡ» አሉ። እኛም ኒካሑ ከሒናው ምሽት አስቀድሞ ጁሙዓ ዕለት እንዲታሰር ጠየቅን፤ ዊጉን የምታደርገው ባለትዳር ሆና፣ ባሏ ፈቅዶ እንዲሆን ነው።

ከዚያ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ወረድን። ባለሱቁ መጀመሪያ ያወጣልን «ሂውማን ሄር» የሚሉትን ነው፤ ዋጋው ከመምህር የወር ደመወዝ ይበልጣል። ከዚህ ዓይነቱ ብዙው ከሕንድ የሚመጣ ነው፤ በቲሩፓቲ የሂንዱ ቤተ አምልኮ ለስለት የተላጨ ጸጉር በጨረታ እየተሸጠ ወደ ዓለም ገበያ ይሄዳል። አንድ ድሃ ሴት ራሷን ተላጭታ የሰጠችው ይሆናል እያልን ስናስብ፣ ሸኹ ስለ ሰው ክብር ያሉት ትዝ አለን። መለስንለትና ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራውን ጠየቅን።

አመራረጡን ቀስ በቀስ ተማርን። ልጅቷ መጀመሪያ ያነሳችው እስከ ወገብ የሚወርድ ዞማ ነበር! የእሷ ጸጉር እኮ ዞማ ሆኖ አያውቅም፤ ጥቅልል ነበር። ረጅሙ ክር በሒጃብ ሥር ከአንገት ጋር እየተፋተገ ቶሎ ይቋጠራል፤ ስለዚህ አጭሩን፣ ጥቅልሉን ያዝን። ቁጥር 1 የሚሉት ቀለም እንደ ከሰል ጥቁር ስለሆነ ሰው ሠራሽነቱ ከሩቅ ያስታውቃል፤ 1ቢ ለእኛ ሰው ጸጉር ይቀርባል። በመብራት ያማረው ውጭ ሲወጣ እንደ ላስቲክ ሊያብለጨልጭ ስለሚችል እያንዳንዱን በር ላይ አውጥተን በፀሐይ አየን። የጸጉሩንም ብዛት አይተናል። ግንባር ላይ የተጠቀጠቀው ቆብ ይመስላል፤ የአላህ ፍጥረት ግንባር ላይ ሳሳ ይላል። ራሷን ዙሪያውን በሜትር ስንለካ 54 ሴንቲ ሜትር ሆነና ከማጅራት የሚጠብቅና የሚላላ ማሰሪያ ያለውን መረጥን።

ባለሱቁ በሙጫ የሚለጠፈውን አጥብቆ መክሮን ነበር። «ሳምንታት አይነቀልም፤ ማንም አያውቅባትም» እያለ። እኛ ግን ያሳሰበን ትጥበት ነበር። ጀናባ ያለባት ሴት ውኃ የራስ ቆዳዋን ማግኘት አለበት፤ ሙጫው ይከለክላል። ለውዱእም የሚታበሰው ራስ እንጂ ዊግ አይደለም። ስለዚህ በአንድ እጅ የሚወልቀውን ገዛን። ባለሱቁ እስከ መጨረሻው የሚለው ያንኑ «ማንም አያውቅም» ነበር። እኛ ደግሞ ማወቅ ያለበት ሰው አውቆ ነው የመጣነው።

የሒናው ምሽት ሻሿን አውልቃ ተቀመጠች። አንዳንዷ ሴት እንዳወቀች ከዓይኗ ያስታውቃል፤ የተናገረ ግን አልነበረም። እናታችን ጥግ ይዛ ዓይኗን ስትጠርግ አየናት።

ከሠርጉ ወዲህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ከጆሮዋ በላይ ነጭ፣ እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰ ጸጉር ብቅ ብሏል፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ መብቀሉ የተለመደ ነው ብሏታል። ባለፈው ዒድ ዊጉን እንዳደረገች የምጣዱን አክንባሎ ስታነሳ ግንባሩ ላይ ያለው ክር በእንፋሎቱ ተጨማደደ፤ ሰው ሠራሽ ክር ሙቀት እንደማይወድ ነግረናት ነበር። በፌስታል ጠቅልላ አምጥታ አሳየችንና አብረን ሳቅን። «ሌላ እንግዛልሽ?» ብንላት «ቆዩ፣ ባሌን ልጠይቀው» አለች። እስካሁን አልጠየቀችውም።