ቫይረስ የቀባው እንቁላል

ዶሮ ሰማያዊ እንቁላል ትጥላለች ቢሉኝ ስቄ ባለፍኩ ነበር። ለካ በቺሊና በቻይና እንዲህ ያሉ ዝርያዎች አሉ! እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ቀለሙን ያመጣው ጥንት ዘረመላቸው ውስጥ ገብቶ የቀረ የቫይረስ ቁራጭ ነው። ከዶሮ ወደ ጫጩት ይወረሳል እንጂ አያሳምምም፤ እንቁላሉም ይበላል። እኛም ሰዎች ብንሆን ከዘረመላችን 8 በመቶ ያህሉ ከጥንታዊ ቫይረሶች የመጣ ነው።

ታዲያ «በዶሮ ውስጥ ቫይረስ ተገኘ» ብሎ ርዕስ የሚሰጥ ጋዜጠኛ አልዋሸም። በማግስቱ ግን እንቁላል ማን ይገዛል? እናቴ እኔን ያስተማረችኝ እንቁላል ቸርችራ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በወፍ ጉንፋን ወሬ ብቻ ገበያው እንዴት እንደቀዘቀዘባት ዛሬም ታወራለች። ጓደኞቼ፣ እውነት ከጻፍን አይቀር ሙሉውን እንጻፍ።