ወተቷ የማይታይ ላም

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአበው ተረት፣ ስለ ሰሜን ተራሮች ባሰብሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ዋልያው፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የሀገር ኩራት ናቸው፤ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚህ ሁሉ ክብር ለተራራው ገበሬ የደረሰው ምንድን ነው?

እርግጥ ነው፤ በቅሎ የሚያከራይ፣ ጠመንጃ አንግቶ ጎብኚ የሚያጅብ፣ ምግብ የሚያበስል የአካባቢው ተወላጅ አለ። ይህ ግን የድካም ዋጋ እንጂ የባለቤትነት ድርሻ አይደለም። ከ2020 ወዲህ ወረርሽኙና ጦርነቱ ጎብኚውን ሲያርቁት የድካሙም ዋጋ አብሮ ቀረ። በቅሎ የሌለው፣ ገብሱን ጭላዳ የሚበላበት ገበሬማ ከመጀመሪያውም አልተቆጠረም።

የከፈለውን መሥዋዕትነት ግን እንቁጠር። በፓርኩ እምብርት ይኖር የነበረው የግጭ ሕዝብ በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛወረ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ከ1996 ጀምሮ በአደጋ መዝገብ የቆየው ፓርክ ከመዝገቡ ተሰረዘ። ለቅርሱ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ካሣ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል፤ የፓርኩ ገቢ ግን ጎብኚ እስካለ ድረስ ይቀጥላል። አንድ ጊዜ ተካሰው ለዘለዓለም የሚሰናበቱት ባለቤቶች ብቻ የሚሆኑት ስለ ምን ነው?

ጎረቤቶቻችን መንገዱን ጀምረውታል። ኡጋንዳ ከፓርኮቿ የመግቢያ ክፍያ 20 በመቶውን ለአካባቢው ሕዝብ በሕግ መድባለች። ሩዋንዳ ድርሻውን በ2017 ከ5 ወደ 10 በመቶ አሳድጋለች። እንከን የላቸውም አልልም፤ ገንዘቡ በአስተዳደር እጅ ሲያልፍ ከድሃው ደጃፍ አይደርስም የሚል ወቀሳ በዚያም ይሰማል።

ሩቅ መሄድም አያስፈልገንም። የመንዝ አባቶች የጓሳን ሜዳ ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት ጠብቀውታል፤ ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሣሩ ሲደርስ በጋራ ያጭዱታል። በ1975 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሜዳው ለጉዳት ተጋለጠ። በዘበኛ ብዛት ያልተጠበቀው ጓሳ በባለቤትነት ተጠብቆ ነበርና።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። የሕዝቡ ድርሻ የባለሥልጣን ችሮታ መሆኑ ይቅር፤ መቶኛው በሕግ ይጻፍ። አወጣጡን ነዋሪው ራሱ የመረጣቸው ሰዎች ይወስኑ፤ ሂሳቡም በየዓመቱ በቀበሌው ስብሰባ ፊት ይነበብ። የተዛወሩትም ከድርሻው አይነቀሉ። ቅርሱን ጠብቅ የሚባል ሕዝብ፣ የቅርሱን ገቢ የመጠየቅ መብት አለው።