ሦስት ቀን ከተማሪዎች ጋር በላንጋኖ

ከትምህርት ቤት የመጣውን የፈቃድ ወረቀት አራት ቀን ሙሉ ሳልፈርም አቆየሁት። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር በድንኳን ሁለት ሌሊት ልታድር ነው። እኔ ደግሞ ደጋ ያደግኩ፣ ወንዝ ሲሞላ እስኪጎድል ዳር ቆሜ የምጠብቅ፣ ዋና የማልችል ሰው ነኝ። ትምህርት ቤቱ አብረው የሚሄዱ ወላጆች እንደሚፈልግ ስሰማ ግን መጀመሪያ ራሴን አስመዘገብኩ፤ ከዚያ ፈረምኩ።

አርብ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ 40 ልጆች፣ አምስት መምህራንና ሦስት ወላጆች ሆነን ተነሳን። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሞጆ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን መቂን አለፍን፤ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ መንገድ ዳር ተደርድሯል። ዝዋይ፣ የአሁኗ ባቱ፣ ስንደርስ የዓሣ ጥብስ ሽታ አውቶቡሱን ሞላው።

ሐይቁ ሲታይ ሁሉም ጮኸ። ቀጥሎ አንዱ፣ «ይሄ ውሃ ነው ወይስ ሻይ በወተት?» አለና አሳቀን። የስፖርት መምህሩ አስረዳቸው፦ ቡናማው ቀለም ቆሻሻ ሳይሆን በውሃው ውስጥ ተንሳፎ የሚቆይ ደቃቅ አፈር ነው። ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ ስለሚታወቅ ብዙ ሰው ለዋና ይመርጠዋል። ቀለሙ ግን አንድ ችግር አለው፤ ውሃው ውስጥ የገባ እግር አይታይም።

ስለዚህ ሕጉ ጠበቅ ያለ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ስለሚያነሳ ዋና ጠዋት ብቻ ነው፤ ከሰዓት አሸዋው ላይ መረብ ኳስና ገመድ ጉተታ ይሆናል። የሚዋኙበት ቦታ በገመድ ተከልሏል። ሃያዎቹ ሲገቡ ሃያዎቹ ዳር ይጫወታሉ። ዋና የማይችል ሁሉ ተንሳፋፊ ጃኬት ይለብሳል፤ እያንዳንዱ ልጅም ጥንድ አለው። በየአስር ደቂቃው ፊሽካ ሲነፋ ጥንዶቹ ተያይዘው እጃቸውን ያነሳሉ፣ መምህሩ ይቆጥራል። እኔማ «ይሄ እስር ቤት ነው እንዴ?» ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ውሃው ውስጥ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እናቷ የቋጠረችልኝ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ነበር። በእጄ ጠቀስኳት፤ ወጣች። በፎጣ ጠቅልዬ ግራር ሥር አስቀመጥኳትና እንቁላሉን ላጥኩላት። ለማንም አልነገርኩም።

ፊሽካው ተነፋ። «አስራ ዘጠኝ!» አለ መምህሩ። ደግሞ ቆጠረ። አስራ ዘጠኝ። ፊሽካውን ደጋግሞ ነፋውና ልጆቹን በሙሉ ከውሃ አስወጣ። ሦስት መምህራን እጅ ለእጅ ተያይዘው ውሃውን በእግራቸው እየዳበሱ መሄድ ጀመሩ። አንዲት ልጅ «አሁን እዚህ ነበረች!» እያለች ታለቅሳለች። እኔም ደንግጬ ወደ ውሃው ሮጥኩ፤ ዋና እንደማልችል እንኳ ረሳሁት። «የማን ልጅ ናት?» ብዬ ጮህኩ።

ከኋላዬ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ መሰለኝ።» እንቁላሏን እንደያዘች ነው።

መምህሩ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲረጋጋ ወደ እኔ መጥቶ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ብርድ ከያዛት ቢያወጧት አይከፋኝም። ግን ይንገሩኝ። እኔ የምጠብቃት በቁጥር ነው» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩት። ልጄም ማንም ሳይነግራት ሄዳ ጥንዷን ይቅርታ ጠየቀች። ያቺ ልጅ ግን እስከ ምሳ ድረስ አላናገረቻትም።

ከሰዓት መረብ ኳሱ ቀርቶ ከአስፋልቱ ማዶ ወዳለው የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። ልጆቹ ሰጎን አዩ፣ ሻላ ዳር ፍል ውሃው ሲንተከተክ ተመለከቱ። ሻላ ጥልቀቱ 260 ሜትር ያልፋል። ጎረቤቱ አብያታ ግን ብዙ ሸሽቷል፤ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚደርሰው ውሃ ለመስኖ ስለሚቀዳ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ምርት ሲወሰድ ስለቆየ ነው። አንዱ ልጅ፣ «መቂ ያየነው ቲማቲምስ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ከእኔ አእምሮ በላይ ነበር።

እሑድ ጠዋት ምግቤን ድንኳን ውስጥ ትቼ ዳር ተቀመጥኩ። ፊሽካው በተነፋ ቁጥር ከመምህሩ ጋር እቆጥር ነበር። ሃያ። ሃያ። ልጄ ጥንዷ ደግፋት በጀርባዋ ስትንሳፈፍ አየኋት፤ ወደ እኔ አልዞረችም።

እናንተም ተመሳሳይ የፈቃድ ወረቀት ቢመጣላችሁ፣ ውሃው ንፁህ ነው ወይ ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ልጆቹን ማን ይቆጥራቸዋል? በስንት ደቂቃ? ዋና ለማይችሉት ጃኬት ይበቃል? አብሮ የሚሄድ ወላጅስ ምን ይጠበቅበታል? እኔ ይህን የመጨረሻውን ሳልጠይቅ ነው የሄድኩት።