በዕጣ የሚገባበት ትምህርት ቤት

አንባቢዬ፤ የዋሽንግተንን ከተማ በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቋት ከሆነ ነጭ ጉልላትና ረጅም ሐውልት ብቻ ያላት ይመስልዎ ይሆናል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት በጥር ወር ለአጭር የመምህራን ሥልጠና ሄጄ በአክስቴ ልጅ ቤት ባረፍኩ ጊዜ ግን ያገኘኋት ከተማ ሌላ ነበረች። በአረንጓዴው መስመር የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍረው ጆርጂያ አቬኑ ፔትወርዝ ከሚባለው ጣቢያ ሲወጡ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የቆሙ የቀይ ጡብ ቤቶች ይቀበሉዎታል። በጎዳናው ሲሄዱ ደግሞ አልፎ አልፎ የአማርኛ ጽሑፍ የተለጠፈበት ሱቅ ያጋጥምዎታል፤ የበርበሬና የቡና ሽታም ከበረዶው ነፋስ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። እዚያ የሚኖረው ሕዝብ ማለዳ ወደ ሥራ የሚሮጥ፣ ማታ ከሥራ ደክሞ የሚመለስ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆቹ የሚያስብ ሕዝብ ነው።

የአክስቴ ልጅ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ባሏ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ እርሷ ደግሞ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሆቴል ትሠራለች። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ አምስት ዓመቷን ልትደፍን የተቃረበች ሴት ልጅና ሦስተኛ ዓመቱን የሚጠብቅ ወንድ ልጅ። በደረስኩ በሁለተኛው ቀን እራት ከበላን በኋላ እትዬ አንድ ክምር ወረቀት አምጥታ ከፊቴ ዘረገፈችው።

«አንተ መምህር አይደለህ?» አለችኝ። «ልጅን ትምህርት ቤት ለማስገባት ዕጣ ማውጣት ምን የሚሉት ነገር ነው? እስቲ አስረዳኝ።»

መምህር መሆኔ እውነት ነው፤ ነገር ግን መልሱን አላውቀውም ነበር። ስለዚህ በማግሥቱ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት በሩን ለወላጆች የሚከፍትበት ቀን ነውና አብረን ለመሄድ ተስማማን። እነሆ፣ በዚያ ቀን ያየሁትንና ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ለእርስዎ አቀርባለሁ።

ቻርተር ማለት ምን ማለት ነው?

ቻርተር የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በግንቦት 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተፈርሟል። በአሜሪካም የትምህርት ቤት ቻርተር ማለት እንዲሁ የጽሑፍ ቃል ኪዳን ነው። ጥቂት መምህራን ወይም የሰፈር ሰዎች ተሰብስበው፣ «ይህን ያህል ልጆች በዚህ ዓይነት ዘዴ እናስተምራለን፤ ይህን ያህል ውጤትም እናሳያለን» ብለው ለሕጋዊ ባለሥልጣን ያመለክታሉ። ባለሥልጣኑ ከተቀበላቸው ቻርተር ይሰጣቸዋል፤ መንግሥትም በተማሪው ቍጥር ልክ ገንዘብ ይከፍላቸዋል። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ የሕዝብ ነው፤ የትምህርት ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ልጁንም በፈተና መርጦ ማስገባት አይፈቀድለትም። የዕለት ሥራውን የሚመራው ግን የከተማው የትምህርት መሥሪያ ቤት ሳይሆን የራሱ የአስተዳደር ቦርድ ነው።

ሐሳቡ እንዴት እንደ ተወለደ በአጭሩ ልንገርዎ፤ ዓመተ ምሕረቱ ከዚህ በኋላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሬይ ባድ የተባለ የማሳቹሴትስ ምሁር አሳቡን ጽፎበት ነበር። በ1988 የመምህራን ማኅበር መሪ የነበረው አልበርት ሻንከር በዋሽንግተን ባደረገው ንግግር ለሕዝብ አሰማው። በ1991 የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት የመጀመሪያውን ሕግ አወጣ፤ በ1992 ደግሞ በዚያው በሴንት ፖል ከተማ ሲቲ አካዳሚ የተባለው የመጀመሪያው ቻርተር ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። የዋሽንግተኑን ሕግ ያወጣው የአገሪቱ ኮንግረስ ነው፤ የጸናውም በ1996 ነው። ዛሬ በዚያች ከተማ ከመቶ በላይ የቻርተር ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢዎች አሉ፤ በሕዝብ ትምህርት ቤት ከሚማሩት ልጆችም ግማሽ ለመሙላት ጥቂት የሚቀራቸው የሚማሩት በእነዚህ ነው።

የቻርተሩ ዘመን በዋሽንግተን 15 ዓመት ነው። ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ምርመራ ይደረጋል። ትምህርት ቤቱ የገባውን ቃል ካልፈጸመ ወይም ገንዘቡን ካባከነ ቻርተሩን ሊቀማ ይችላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባልደረባ የሆኑ አንባቢ ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይሉ ይሆናል፤ ቃሉን ባልጠበቀ ጊዜ የሚዘጋ መሥሪያ ቤት ማየት ደስ ያሰኛልና። ነገር ግን ፈገግታው ይቆይዎት፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በትንሹ ትምህርት ቤት ውስጥ

ያየነው ትምህርት ቤት ቀድሞ ቢሮ በነበረ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። የኳስ ሜዳ የለውም፤ በሽቦ የታጠረች ጠባብ ግቢ ብቻ አለችው። ለእያንዳንዱ የዕድሜ ደረጃ አንድ ክፍል ብቻ ስላለ ልጆቹ በሙሉ ሁለት መቶ አይሞሉም። በታናናሾቹ ክፍል ሁለት ሁለት መምህራን ቆመው አየሁ። ልጆቹ ሰማያዊ የደንብ ልብስ ለብሰዋል። በክፍላቸው ተቀምጠው ቁርስ ይበሉ ነበር፤ በ2010 በወጣ የከተማው ሕግ መሠረት ቁርስ በሕዝብ ትምህርት ቤት ሁሉ ለተማሪ በነጻ ነው። ርእሰ መምህርቷ የእያንዳንዱን ልጅ ስም እየጠሩ ሰላምታ ሲሰጡ በሰማሁ ጊዜ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። እኔ በአንድ ቀን ከሁለት መቶ በላይ ተማሪዎች ፊት እቆማለሁ፤ የስንቶቹን ስም እንደማውቅ ግን ባይጠይቁኝ ይሻላል።

ጉብኝቱ ካለቀ በኋላ ወላጆች በትንንሽ የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጠው ጥያቄ ማቅረብ ጀመሩ። «የትምህርት ቤት አውቶቡስ አላችሁ ወይ?» የለም፤ ነገር ግን ዕድሜው አምስት ዓመት የሞላ ተማሪ በከተማው አውቶቡስና ባቡር በነጻ ይሄዳል። «ልጄ ለመማር ልዩ እርዳታ ያስፈልገዋል፤ ትመልሱታላችሁ ወይ?» መመለስ በሕግ ክልክል ነው። «ወላጅ በአስተዳደሩ ድምፅ አለው ወይ?» አለው፤ ከቦርዱ አባሎች ቢያንስ ሁለቱ የተማሪ ወላጆች መሆን አለባቸው።

እትዬ በአስተርጓሚ ሳትጠቀም እጅዋን አነሣችና፣ «በአምስት ዓመት ልጆች ክፍል ስንት ቦታ አላችሁ?» ስትል ጠየቀች።

ርእሰ መምህርቷ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ሁለት ወይም ሦስት» አሉ።

ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ በዚያች ከተማ ልጅ በሦስት ዓመቱ በነጻ የሕዝብ ትምህርት መጀመር ይችላል። ትንሹ ትምህርት ቤትም ቦታውን የሚሞላው ያን ጊዜ ነው፤ በኋላ የሚገኘው ቦታ ሰፈር የለቀቀ ልጅ የተወው ብቻ ነው። እትዬ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ በአማርኛ፣ «ከሁለት ዓመት በፊት ይህን የነገረኝ ሰው የለም» አለችኝ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ግን ነበረበት።

ስንወጣ ከአንዲት ወጣት መምህርት ጋር ጥቂት ቃል ተለዋወጥኩ። ዘዴዋን ራሷ ለመምረጥ ነጻነት እንዳላት በደስታ ነገረችኝ። ውልሽ ለስንት ጊዜ ነው ብላት ግን፣ «በየዓመቱ ይታደሳል፤ ወይም አይታደስም» ብላ ሳቀች።

ዕጣው እንዴት ይወጣል?

አሁን ወደ ወረቀቱ ክምር እንመለስ። ከ2014 ጀምሮ በዋሽንግተን ለቻርተር ትምህርት ቤቶችና ከራስ ሰፈር ውጭ ለሚገኙ የከተማው ትምህርት ቤቶች አንድ የጋራ ዕጣ አለ። ማመልከቻው በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ መጀመሪያ ይከፈታል፤ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በጥር መጨረሻ፣ ለታናናሾቹ በየካቲት መጨረሻ ገደማ ይዘጋል፤ ውጤቱ መጋቢት 20 ገደማ ይነገራል። ወላጅ እስከ 12 ትምህርት ቤቶች በምርጫው ቅደም ተከተል ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተር ለእያንዳንዱ ልጅ በዕድል ቍጥር ይሰጥና በቻለው መጠን ወደ ላይኛው ምርጫው ይመድበዋል። ልጁ ለምሳሌ አራተኛ ምርጫውን ቢያገኝ፣ በላይኞቹ በሦስቱ ትምህርት ቤቶች በተጠባባቂነት ይመዘገባል፤ ከታችኞቹ ግን ይሰረዛል።

ብዙ ወላጆች፣ «ሁሉ የሚሻማበትን ትምህርት ቤት አንደኛ ብጽፍ ቀሪውን አጣለሁ» ብለው ይሠጋሉ። ይህ ስሕተት ነው። ስሌቱ የተሠራው በልብ ያለውን እውነተኛ ምርጫ በቅደም ተከተሉ የጻፈ ሰው እንዳይጎዳ ተደርጎ ነው። ይህን የመሰለውን የማገናኛ ስሌት ያጠኑት አልቪን ሮትና ሎይድ ሻፕሊ በ2012 የኖቤል ሽልማት በኢኮኖሚክስ ተቀብለዋል።

በዕጣው ውስጥ ገንዘብ ወይም ዘመድ ቦታ የለውም፤ ሕግ የፈቀደው ቅድሚያ ግን አለ። ዋናው የወንድምና የእኅት ነው፤ አንዱ በዚያ የሚማር ከሆነ፣ ወይም በዚያው ዕጣ ቦታ ካገኘ፣ ሌላው ቅድሚያ ያገኛል። እኔና እትዬ ይህን ስናነብ ተያየን። ትንሹ ልጅ እስከ መስከረም 20 ሦስት ዓመት ስለሚሞላው በዚያው ዕጣ መግባት ይችላል፤ ለእርሱ ደግሞ ቦታው ብዙ ነው። ታናሹ ለታላቋ በር ሊከፍት ነው ማለት ነው።

ማመልከቻ ከመሙላትዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ልጁ የከተማይቱ ነዋሪ መሆን አለበት። ከኢስተርን አቬኑ ማዶ ሜሪላንድ ነው፤ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን መንገዱን ተሻግረው ይሠራሉ፤ ልጃቸው ግን በነጻ መማር አይችልም። በምዝገባ ጊዜ የቤት ኪራይ ውል ወይም የደመወዝ ወረቀት የመሰለ ማስረጃ ይጠየቃል፤ የመኖሪያ ፈቃድ ግን አይጠየቅም። እንግሊዝኛ የማይችል ሰውም አይፈር፤ በ2004 የወጣ የከተማው ሕግ አማርኛን አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል።

የፈገግታው ዋጋ

አሁን ወደ ተውኩት ፈገግታ ልመለስ። ቃሉን ያልጠበቀ ትምህርት ቤት መዘጋቱ ለሕዝብ ገንዘብ መልካም ነው። ነገር ግን በ2024 በዋሽንግተን አንድ የቻርተር ትምህርት ቤት በገንዘብ ችግር ምክንያት ሲዘጋ፣ ትምህርት ሊጀመር የቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር። ሌላ ቦታ ለመፈለግ በየበሩ የተንከራተቱት ወላጆች ናቸው። ስለዚህ ወላጅ የክፍሉን ንጽሕና ብቻ አይቶ መመለስ አይበቃውም፤ ቻርተሩ መቼ እንደሚመረመር፣ የተማሪው ቍጥር እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደ ሄደ መጠየቅ አለበት። ገንዘቡ የሚመጣው በልጅ ቍጥር ነውና ትንሽ ትምህርት ቤት ሃያ ልጅ ሲጎድልበት ይናጋል። በሰፈሩ ባለው የከተማው ትምህርት ቤት ግን ልጁ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ያለ ዕጣ የመግባት መብት አለው። ይህን መብት መናቅ አይገባም።

እኔ አገሬ ከገባሁ በኋላ መጋቢት ላይ እትዬ ስልክ ደወለች። ትንሹ ልጅ ቦታውን አግኝቷል። ታላቂቱ በወንድሟ ቅድሚያ አራተኛ ተጠባባቂ ሆናለች። ነሐሴ ላይ ሁለተኛ ደረሰች፤ እዚያው ቆመች። ስለዚህ እትዬ በየማለዳው አንዱን ልጅ ወደ ትንሹ ትምህርት ቤት፣ ሌላይቱን ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። «ልጅቷ መምህሯን ወዳለች» አለችኝ፤ «እኔ ነኝ እንጂ እርሷስ ምንም አልጎደለባት።»

አንባቢዬ፤ ከዚህ ጉዞ ይዤ የተመለስኩት አንድ ነገር ነው። ዕጣው አያዳላም፤ ወሬው ግን ያዳላል። ቀኑን አስቀድሞ የሰማ፣ ወረቀቱን ለማንበብ ጊዜ ያለው፣ ለመጠየቅ የማያፍር ሰው ዕጣው ሳይወጣ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ሌሊት የሚሠራው አባት ግን ዕጣ መኖሩን የሚሰማው ከወጣ በኋላ ነው።

ባለፈው ነሐሴ በትምህርት ቤታችን በምዝገባ ሥራ ተመድቤ ነበር። አንዲት እናት አንድ ወረቀት ጎድሎባት ሁለት ጊዜ ስትመለስ አየሁ። በዚያው ቀን ምን ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግና የመጨረሻውን ቀን በትልቅ ወረቀት ጽፌ በበሩ ላይ ለጠፍኩ። ማንበብ የማይችሉም አሉና የዘበኛችንን የጋሼን እርዳታ ለመንኩ፤ እርሳቸውም ለሚመጣው ሁሉ ጮክ ብለው ያነቡለት ጀመር። በሳምንቱ መጨረሻ ስናየው፣ ከወረቀቴ ይልቅ የእርሳቸው ድምፅ ብዙ ሰው አስመዝግቧል።